ዕዳው ከአዳማ ሲታይ፦ የግብር ክርክር ከወጪ መጀመር ያለበት ለምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ የሚመጣ መንገደኛ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት በኮረብቶቹ ላይ ተደርድረው የሚዞሩትን የነፋስ ተርባይኖች ያያል። የሚጓዝበት መንገድ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ፣ በከተማዋ ዳር የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ወደ ደቡብ ዝቅ ሲባል ደግሞ የወንጂ የሸንኮራ ማሳ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ዞሮ ሊያያቸው የሚችላቸው የመንግሥት ሥራዎች ናቸው። መንገዱም፣ ሐዲዱም፣ ተርባይኖቹም በአብዛኛው በብድር ገንዘብ የተሠሩ ሲሆን ዋናው አበዳሪም የቻይናው ኤግዚም ባንክ ነው። የመንግሥት ዕዳ ለብዙ ሰው በገንዘብ ሚኒስቴር ሪፖርት ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር ቢሆንም፣ አዳማ ላይ ግን ተነሥቶ የቆመ፣ የሚዞርና የሚነዳበት ነገር ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ እነዚህ ሥራዎች መሠራት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው ብቻ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የግብር ሕጎች በተከታታይ ተሻሽለዋል፤ መንግሥትም ማሻሻያዎቹን የሚያስረዳው አገሪቱ ከኢኮኖሚዋ አንጻር የምትሰበስበው ግብር እጅግ ዝቅተኛ ነው በማለት ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ከ12 በመቶ በላይ የነበረው የታክስ ገቢ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ «ኢትዮጵያዊ ግብር አይከፍልም» ወደሚል መደምደሚያ መሄድ ግን ስሕተት ነው። መንግሥት ከሰበሰበው በላይ ባወጣ ቁጥር ልዩነቱን የሚሸፍነው ወይ ተበድሮ ወይ ከብሔራዊ ባንክ ወስዶ ነው፤ ሁለቱም ዞረው የሚያርፉት በዚያው ዜጋ ላይ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ የተሸከመው ትክክለኛ የግብር ጫና የሚለካው በተሰበሰበው ሳይሆን በወጣው ገንዘብ ነው የሚለው አመለካከት፣ የመንግሥት ሥልጣን መገደብ አለበት ብለው የሚያምኑ ሁሉ የሚነሡበት ነጥብ ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍም መነሻ ነው።

ከብድሩ እንጀምር። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. ከባድ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች የተዘጋጀውን የዕዳ ስረዛ ሒደት ካጠናቀቀችና ከዚያም ተጨማሪ ስረዛ ካገኘች በኋላ፣ የውጭ ዕዳዋ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ያ ለአንድ መንግሥት እምብዛም የማይገጥም ዕድል ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ዕዳው ወደ 28 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። የዓለም የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2010 ዓ.ም. አገሪቱን ለዕዳ ጫና ከፍተኛ ተጋላጭ ከሆኑት ተርታ መደቧት። በ2007 ዓ.ም. በ6.625 በመቶ ወለድ ለዓለም ገበያ ከተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ላይ ይከፈል የነበረው 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ደግሞ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳይከፈል ቀረ። ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ ከሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሸፍን የዕዳ ሽግሽግ ስምምነት ላይ በመርሕ ደረጃ የተደረሰው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚረሳ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከዓመት በኋላም 135 ብር አካባቢ ደረሰ። ተመኑ ለረጅም ጊዜ በግድ ተይዞ ስለነበር መለቀቁ የሚያስወቅስ አልነበረም፤ ገበያውን የሚያምን ሰው እንዲያውም ዘገየ ሊል ይችላል። ነገር ግን በዶላር የተቀመጠ ዕዳ አንዲት ሣንቲም ሳይጨመርበት በብር ሲቆጠር ከእጥፍ በላይ አደገ። 28 ቢሊዮን ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 1.6 ትሪሊዮን ብር ያህል ነው፤ በ135 ብር ግን ወደ 3.8 ትሪሊዮን ይጠጋል። የመንግሥት ገቢ ብር ነው፤ የአዳማ ባለሱቅም የሚከፍለው ብር ነው። በዶላር የተበደረ መንግሥት ወደፊት የሚሰበስበውን ግብር አሁኑኑ ወስኗል ማለት ይቻላል፣ ያውም መጠኑን ሳያውቅ።

ሁሉም ብድር ግን አንድ ዓይነት አይደለም፣ አዳማም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ ሥራ ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ ተጠቃሚው በየጉዞው የሚከፍልበት ነው፤ የማይሄድበት ሰው አይከፍልም፣ የሚሄድበት ደግሞ ምን እንደገዛ ያውቃል። እኔ በግሌ ይህን መንገድ ከተሳካላቸው የመንግሥት ፕሮጀክቶች ተርታ አስቀምጠዋለሁ፤ የመንግሥትን መስፋፋት የሚተች ሰው ለሠራው መመስከር ካልቻለ ትችቱ አይታመንም። የባቡሩ ነገር ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የኢትዮጵያው ክፍል ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ሲሆን፣ ገና ከመነሻው ከገቢው ዕዳውን መክፈል ስላልቻለ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የመክፈያ ጊዜው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋር ስምምነት ተደረገ። ጊዜው መራዘሙ እፎይታ ቢሰጥም ሐዲዱን አዋጭ አላደረገውም።

ስኳሩ ከሁሉም ይከፋል። ወንጂ ላይ በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ፋብሪካ ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ነበር፤ ገንዘቡም የራሱ፣ ኪሣራ ቢመጣም ኪሣራው የራሱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ መንግሥት አሥር ያህል አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎችን ገንብቶ አገሪቱን ስኳር ላኪ አደርጋለሁ አለ። ግንባታዎቹ ዓመታትን አስቆጠሩ፤ አንዳንዶቹ ሥራውን ጨርሶ ማድረስ ላልቻለ የመንግሥት ተቋራጭ ተሰጥተው ከዚያ ተነጠቁ፤ አገሪቱ ስኳር ማስገባቷን ቀጠለች፤ በመጨረሻም መንግሥት ስምንት ፋብሪካዎችን ለሽያጭ ጨረታ አወጣ። በወንጂ ሸንኮራ ዙሪያ ላደገች ከተማ ነዋሪ ስኳር በወረፋ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

የስኳሩና የሌሎቹ የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ብድር በአብዛኛው የመጣው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ማለትም ከአስቀማጮች ገንዘብ ነው። ድርጅቶቹ መክፈል ሲያቅታቸው ባንኩ አደጋ ላይ እንዳይወድቅ መንግሥት 845 ቢሊዮን ብር የሚሆን ዕዳቸውን ወደ ራሱ አዞረ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. ባንኩን ለማጠናከር የ900 ቢሊዮን ብር የዕዳ ሰነድ እንዲወጣ አጸደቀ። መጠኑን ለመገመት የዚያ ዓመት የፌዴራል መንግሥት ሙሉ በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971 ቢሊዮን ብር እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። አማርኛ «ዕዳ ከሜዳ» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ሲበደር ያልተጠየቀ፣ በበጀት ሰነድ ላይ ያላነበበው ግብር ከፋይ በአንድ ድምፅ የአንድ ዓመት በጀት የሚያህል ዕዳ ወረሰ።

የግል ባንኮችም አላመለጡም። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን በአነስተኛ ወለድ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ ብድር 20 በመቶውን ለመንግሥት የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲያውሉ ታዘዙ። የአዳማ ነጋዴ ለመጋዘን ማስፋፊያ ብድር ሲጠይቅ ወለዱ ለምን እንደተወደደበት፣ ወይም ባንኩ ለምን «ገንዘብ የለም» እንዳለው ሲጠይቅ፣ ከመልሶቹ አንዱ ይህ ነበር። ስሙ ግብር አይደለም፤ ከግብር የሚለየው ግን ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚረቀው ግን የዋጋ ንረቱ ነው። መንግሥት ለዓመታት የበጀት ጉድለቱን በከፊል የሸፈነው ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ በሚወስደው ገንዘብ ነው። ይህ አሠራር የቆመው ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በ2016 ዓ.ም. በተደረሰው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የብድር ፕሮግራም ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ከገባ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ገደብ ራሱ የአገሪቱ ሕግ አውጪ ከረጅም ጊዜ በፊት አጥብቆ መያዝ ሲገባው አበዳሪ መጥቶ ማስያዙ የሚያስደስት አይደለም። ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ ለልጇ ትምህርት 100 ሺህ ብር በባንክ ያስቀመጠች የአዳማ እናት ከዓመት በኋላ 107 ሺህ ብር ብታወጣም፣ አምና 100 ሺህ የገዛውን ለመግዛት ከ130 ሺህ በላይ ያስፈልጋት ነበር። ሃያ ሦስት ሺው ብር የት ሄደ ቢባል፣ ከፊሉ መንግሥት ከሰበሰበው በላይ ያወጣበት ሒሳብ ነው።

ንረት ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ደመወዝተኛውን ወደ ላይኛው የግብር እርከን ይገፋዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከወር ደመወዝ 600 ብሩን ነፃ አድርጎ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ጣለ። በጊዜው 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበርና ከፍተኛው እርከን በእርግጥም ከፍተኛ ደመወዝተኛን የሚነካ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን ያው 10,900 ብር 80 ዶላር ገደማ ሆነ፤ ሕጉ ግን አንድ ቃል አልተለወጠም። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ሳይበለጽጉ የሀብታም ግብር ከፋይ ሆኑ። ማንም የሕዝብ ተወካይ ለዚህ የግብር ጭማሪ እጁን አላወጣም።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ነፃውን ገቢ ወደ 2,000 ብር፣ የ35 በመቶውን መነሻ ደግሞ ወደ 14,000 ብር አሳደገው። በወር 15,000 ብር የሚያገኝ ሰው በቀድሞው ስሌት 3,750 ብር ይከፍል የነበረው አሁን 3,200 ይከፍላል፤ የ550 ብር ቅናሽ ነውና ቅናሹ አይካድም። ነገር ግን የላይኛው መነሻ ያደገው በ28 በመቶ ብቻ ነው፣ በዘጠኙ ዓመት የጤፍም ሆነ የቤት ኪራይ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሆነ ደግሞ ማንም ያውቃል። በዚህ ላይ ከደመወዙ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል፤ በብዙ ግዢዎች ላይም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል።

ለነጋዴው ያው አዋጅ የባሰ ነገር ይዞ መጥቷል። ትንንሾቹ ነጋዴዎች የሚመደቡበት ደረጃ «ሐ» ቀርቶ ግብር ከፋዩ በዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር ላይ በሁለት ደረጃ ተከፈለ፤ ይህ አሠራሩን ያቀልላል። አከራካሪው ግን የሚከፈለው ግብር ከዓመታዊ ሽያጭ 2.5 በመቶ እንዳያንስ የሚያስገድደው ድንጋጌ ነው። የመንግሥት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በየዓመቱ ኪሣራ እያሳወቁ ሥራቸውን የሚያሰፉ ድርጅቶች አሉ። ሆኖም ዘይትና ዱቄት በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ የአዳማ የግል ማኅበር በዓመት 20 ሚሊዮን ብር ሸጦ ከመቶ 3 ብር ቢያተርፍ ትርፉ 600 ሺህ ብር ነው። በመደበኛው የ30 በመቶ ስሌት 180 ሺህ ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ ዝቅተኛ ግብር ግን 500 ሺህ ይከፍላል። ብዙ ሸጦ ጥቂት የሚያተርፍ፣ ማለትም ለሸማቹ በርካሽ የሚሸጥ ነጋዴ፣ በውድ ከሚሸጠው ይልቅ ይቀጣል። ሐሰተኛ የሒሳብ መዝገብ የሚያቀርበውን ለመያዝ መርማሪ ማሠልጠን ሲቻል መረቡ ሁሉም ላይ ተጣለ።

ግብር እርግጠኛ፣ አስቀድሞ የሚታወቅና በከፋዩ ዘንድ ተቀባይነት ያለው መሆን አለበት የሚለው መርሕ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ መርሑ የተጣሰባቸው ጊዜያትም ዋጋ አስከፍለዋል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ያመፀው በተመኑ ከፍታ ብቻ ሳይሆን መሬቱ ተለክቶ ርስቱን ያሳጣኛል ብሎ በመስጋቱም ጭምር ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ግብር ሰብሳቢው የነጋዴዎችን የቀን ገቢ የገመተበት ውጤት ይፋ ሲሆን በኦሮሚያ በርካታ ከተሞችና በአዲስ አበባ ሱቆች የተዘጉትም፣ ነጋዴው ግምቱ በምን እንደተሠላ ሊገባው ስላልቻለ ነበር።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ አከፋፈሉ ነው፤ ወጪው ካልተገደበ ግን አከፋፈሉን ማስተካከል ብቻውን ሩቅ አያደርስም። የፌዴራሉ በጀት በ2016 ዓ.ም. ወደ 802 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ለ2018 ዓ.ም. 1.93 ትሪሊዮን ሆኖ ጸደቀ። ከዕድገቱ ከፊሉ የንረቱና የምንዛሪው ነጸብራቅ ነው። የበለጠ የሚያሳስበው የውስጥ ቅንብሩ ነው፤ ከጠቅላላው በጀት የመደበኛ ወጪ (እንደ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃና የዕዳ ክፍያ ያለው) ድርሻ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ46 በመቶ ወደ 61 በመቶ ገደማ አድጓል፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጋፍ ደግሞ ከ27 በመቶ ገደማ ወደ 16 በመቶ ወርዷል። ለዜጋው የሚቀርበው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውስጥ መንገድ በአብዛኛው የክልልና የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ከግለሰብ ነጋዴዎች የሚሰበሰበውን ግብር ለክልል የሰጠውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ግብሩ ከአገልግሎቱ አጠገብ ሲሆን ከፋዩ መጠየቅ ይችላል። ድርሻው ወደ ማዕከል ሲሰበሰብ ከተሞች ጎደሎውን በአገልግሎት ክፍያና በመዋጮ ለመሙላት ይገደዳሉ፣ መዋጮ ደግሞ ተመንም ይግባኝም የለውም።

አዳማ ራሷ በዚህ ጉዳይ ላይ ንጹሕ አይደለችም። ከተማዋ የመንግሥት ስብሰባና ሥልጠና ከተማ ናት፤ ሆቴሎቿ በአዳራሽ ኪራይና በአበል የሚተዳደሩ ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የመንግሥት ወጪ ይቀነስ የሚል ሰው እዚህ ሲናገር የሆቴል ባለቤቱ፣ አስተናጋጁና የባጃጅ ሾፌሩ ፊታቸውን ቢያጠቁሩበት አይፈረድባቸውም። የወጪ ፖለቲካ ከባድ የሚሆነውም በዚህ ነው፤ የሚጠቀመው ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ ይታያል፣ የሚከፍለው ግን በየገጠሩና በየሱቁ ተበትኖ የራሱን ድርሻ እንኳ አያውቅም።

የተገደበ መንግሥት ማለት ደካማ መንግሥት ማለት አይደለም። ፍርድ ቤት፣ ጸጥታ፣ መሠረታዊ መንገድና ትምህርት ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ 7 በመቶ ለእነዚህ ላይበቃ ይችላል የሚለው ክርክርም ክብደት አለው። መልሱ ግን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 11 ግብር የመጣልና የፌዴራሉን በጀት የማጽደቅ ሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። ምክር ቤቱ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት፣ ማለትም በሰኔ ካጸደቀው 60 በመቶ የሚሆን ጭማሪ፣ ሲያጸድቅ ያ ሥልጣን ምን ያህል እንደሚያስር ታይቷል። ለመንግሥት ድርጅቶች የሚሰጥ እያንዳንዱ የብድር ዋስትና እንደ ብድር ተቆጥሮ በምክር ቤት ድምፅ ቢያልፍ የ845 ቢሊዮኑ ታሪክ ከመነሻው ይታይ ነበር። መንግሥት ከንግድ ሥራ መውጣቱም ቢሆን ዋጋው በገበያ ሲፈተን ትምህርት ይሰጣል፤ ኢትዮ ቴሌኮም ለሕዝብ ካቀረባቸው 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ መሆናቸው፣ ዜጋው በታዘዘበት ሳይሆን ባመነበት ብቻ ገንዘቡን እንደሚያወጣ አሳይቷል።

ከሁሉም የሚቀለውና ምንም ወጪ የማይጠይቀው እርምጃ የደመወዝ ግብር እርከኖችን በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር አብረው እንዲያድጉ በሕግ ማሰር ነው። በአዲሱ አዋጅ ይህ አልተደረገም። ንረቱ በዓመት 15 በመቶ ብቻ ሆኖ ቢቀጥል እንኳ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 14,000 ብር የሚገዛው ዛሬ 7,000 ብር የሚገዛውን ያህል ይሆናል። ዛሬ 7,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ከመጨረሻዋ ብር ላይ 20 ሣንቲም ይከፍላል፤ ያን ጊዜ በዚያው የኑሮ ደረጃ ላይ ያለ ሠራተኛ ደመወዙ ከንረቱ ጋር ቢያድግለትም ከመጨረሻዋ ብር ላይ 35 ሣንቲም ይወሰድበታል፣ አዋጁም አይነካም፣ ምክር ቤቱም ለዚህ አይሰበሰብም።